ከእናንተ የሚበልጥ ድራመር ፈልጉ

ጊታር ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወጣት ተማሪዎቼ መለስ ቀለስ እያሉ የሚጠይቁኝ ያው አንድ ነገር ነው፤ «በዚህ ሙያ ለመታወቅ ምን ላድርግ?» መልሱ ፈጣን ጣት ላይ ወይም ውድ መሣሪያ ላይ ያለ ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ሁሌም ስለ አንድ ሰው አወራላቸዋለሁ። ቻክ ሹልዲነር ይባላል። ዴዝ የተባለውን ባንድ የመሠረተ አሜሪካዊ ነው። ሙዚቃው ዴዝ ሜታል የሚባለው እጅግ ከባድና ፈጣን የሮክ ዓይነት ነው፤ ጩኸት ነው ብትሉኝ አልቀየምም። የሠራበት መንገድ ግን ጊታር ነክቶ ለማያውቅም ሰው ይጠቅማል። ስለዚህ ጆሯችሁን ባትሰጡትም ይህችን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቻክ በ1967 ኒውዮርክ ተወለደ፤ ያደገው ግን ፍሎሪዳ ነው። 9 ዓመት ሲሆነው ታላቅ ወንድሙ በመኪና አደጋ ሞተ። ወላጆቹ ልጁ ሐዘኑን የሚያስታግስበት ነገር ይኑረው ብለው ጊታር ገዙለት። ክላሲካል ትምህርት ጀመረና ብዙም ሳይቆይ ሰለቸው። በኋላ ኤሌክትሪክ ጊታር እጁ ሲገባ ግን የሚነጥቀው ጠፋ። ክፍሉን ዘግቶ፣ አልበም ከፍቶ፣ የሰማውን እየደገመ ራሱን አስተማረ።

በ1983 በ16 ዓመቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ማንታስ የሚባል ባንድ አቋቋመ። በማግስቱ ዓመት ስሙን ዴዝ አሉት። ኢንተርኔት የለም። ዘፈናቸውን በካሴት ይቀዳሉ፣ በፖስታ ይልካሉ፣ የደረሰው ሰው ደግሞ ገልብጦ ለሌላ ይልካል። የቅጂ ቅጂ ሲሆን ድምፁ ይበላሻል፤ ግን ስማቸው አገር አቋርጦ ሄደ። አልበም ሳይኖራቸው አድናቂ ነበራቸው።

ቀጥሎ ያለው ጊዜ ነው እኔን የሚገርመኝ። ልጁ አብሮት የሚሠራ ሰው ፍለጋ አህጉሩን አካለለው ማለት ይቻላል። ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ፤ አልሆነም። ካናዳ ገብቶ ቶሮንቶ ውስጥ ከአንድ ባንድ ጋር ትንሽ ቆየ፤ አልሆነም፤ ተመለሰ። እንደገና ካሊፎርኒያ ወረደና ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረ ክሪስ ራይፈርት የሚባል ድራመር፣ ማለትም ከበሮ መቺ፣ አገኘ። ውል ተፈረመ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ተቀዳ፣ አሳታሚው ሰማውና አልወደደውም። ያ ሁሉ ሥራ ተጥሎ ሆሊውድ ላይ ከዜሮ ተቀዳ። ጊታሩንም፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠውን ቤዝ ጊታርንም የተጫወተው፣ የዘፈነውም ቻክ ነው። የመጀመሪያው አልበማቸው «ስክሪም ብለዲ ጎር» በዚህ መንገድ በ1987 ወጣ። ከመጀመሪያው ባንድ እስከዚህ አራት ዓመት መሆኑ ነው። ዛሬ አንድ ዘፈን ለቆ በሳምንቱ «ሰው አላየልኝም» እያለ የሚያማርር ተማሪ ሲገጥመኝ ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ።

አልበሙ ለብዙ ባንዶች መንገድ ከፈተ። ግጥሙ አስፈሪ ፊልም ነው፤ ደም፣ ሬሳ፣ መቃብር። አድማጭ ወደደው። ብዙ ሰው ደግሞ ልክ እዚህ ጋ ነው የሚቆመው። አንድ ነገር ከያዘለት ያንኑ እስኪያልቅ ይሸጣል። አልፈርድም፤ የቤት ኪራይ አለ። ቻክ ግን ሦስተኛው አልበም ላይ ሲደርስ፣ በ1990፣ ሬሳውን ትቶ ስለ ሕያዋን መጻፍ ጀመረ። በእናቱ ሱስ ምክንያት ከነጉዳቱ ስለሚወለድ ሕፃን፣ በእምነት ስም ሰው ስለሚያታልሉ ሰባኪዎች ጻፈ። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ጉዞ ላይ ከባንዱ ልጆች ጋር ተጣላ። እሱ አልሄድም አለ፤ እነሱ ጥለውት ሄደው በራሱ ባንድ ስም ተጫወቱ። ማን ትክክል ነበር የሚለው ውስጥ አልገባም፤ የባንድ ጸብ እንደ ባልና ሚስት ጸብ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው ቁም ነገሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዳግመኛ እንዳይከዳ ከእሱ በታች ያሉ ታዛዥ ልጆችን ይሰበስብ ነበር። ቻክ የጠራው ጊታሪስቱን ፖል ማስቪዳልንና ድራመሩን ሾን ራይነርትን ነው። ሁለቱም ሲኒክ ከተባለው ባንድ የመጡ፣ ዕድሜያቸው 20 ገደማ የሆነ፣ ጃዝ የሚያዳምጡና የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ቤዙን የያዘው ስቲቭ ዲጆርጂዮም እንዲሁ በሙያው የማይታማ። ኖታ ላይ ብዙ ያልተቀመጠ፣ ራሱን ያስተማረ ሰው፣ መሥራቹም ዘፋኙም አቀናባሪውም እሱ ሆኖ ሳለ፣ በአንዳንድ ነገር ከእሱ የሚበልጡ ልጆችን ወደ ስቱዲዮ አስገባ። በ1991 «ሂውማን» ተወለደ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጊታር ለማይጫወት ላስረዳ። ሪፍ የምንለው እየተደጋገመ ዘፈኑን የሚሸከመው የጊታር ሐረግ ነው። ቤታችሁ ብቻችሁን ስትጫወቱት ያምራል። ተራ ድራመር ስትጨምሩበት ያው ይሆናል፤ እሱ እናንተን ይከተላል፣ እናንተም ትኩራራላችሁ። ጥሩ ድራመር ሲመጣ ግን ሪፉን አይከተልም፣ ያናግረዋል። እናንተ ሰባት ስትቆጥሩ እሱ ሲምባሉን፣ የድራሙን የናስ ሳህን፣ ከመሐል ይጥላታል፤ ከባዱ ምት የነበረበት ቦታ ይቀየራል። የእጃችሁ ድክመት ሁሉ ያኔ ይጋለጣል። በየአራተኛው ዙር ትንሽ እንደምትፈጥኑ፣ ቀኝ እጃችሁ ሕብረቁምፊውን በደንብ እንደማያፍነው፣ ሁሉም ይሰማል። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ድራመር ሲገጥማቸው መጀመሪያ ይናደዳሉ። «ያበላሽብኛል» ይላሉ። ሁለት ሦስት ወር ከታገሡ የሚሻሻሉት እነሱ ናቸው። «ሂውማን»ን ከፊተኞቹ አልበሞች ጎን አድርጋችሁ ስሙት፤ የቻክ ጊታር ራሱ ተለውጧል። የሚበልጡት ሰዎች አጠገቡ ስለነበሩ ራሱም ከፍ ማለት ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ልማዱ ሆነ። በ1993ቱ አልበም ጂን ሆግላን ድራም ላይ ተቀመጠ። ዲጆርጂዮ ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ የሚደረደሩት የብረት መስመሮች፣ የሌለው ቤዝ ይዞ መጣ። ከስዊድን ጊታሪስቱ አንዲ ላሮክ ተጠርቶ የሶሎ፣ ማለትም አንድ ጊታር ጎልቶ የሚሰማበት፣ ድርሻ ተሰጠው። ሶሎ ለጊታሪስት ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የፎቶው መሐል ቦታ ነው። በራስ ባንድ ውስጥ ያንን ቦታ ለእንግዳ ማካፈል ቀላል አይደለም። በ1995 «ሲምቦሊክ» ወጣ። በ1998 የወጣው የመጨረሻው የዴዝ አልበም ውስጥ ደግሞ «ቮይስ ኦፍ ዘ ሶል» የሚባል አንድ ሥራ አለ። ድራም የለው፣ ዘፈን የለው፤ አኩስቲክ ጊታርና ከላዩ የሚያለቅስ ኤሌክትሪክ ጊታር ብቻ። በፍጥነትና በጩኸት ስሙ የወጣ ሰው ነው ይህን ያስገባው።

ትልቁ ነገር ግን በ1999 የመጣው ነው። ኮንትሮል ዲናይድ የሚባል ሌላ ባንድ አቁሞ አልበሙን የመዝፈኑን ሥራ ቲም አይማር ለተባለ ዘፋኝ ሰጠ። አስቡት፤ በዓለም ዙሪያ ስንት ወጣት ሊቀዳው የሚሞክረውን የገዛ ጉሮሮውን አስቀመጠ። በዜማ የሚዘፍን ሰው ፈለገ፣ ሙዚቃው የሚፈልገው ያንን ነው አለ፣ እሱ ደግሞ ጊታሩን ይዞ ጥጉን ያዘ። «የዴዝ ሜታል አባት» ሲሉትም አይወድም ነበር፤ ከእሱ በፊት የነበሩትን እየጠራ ክብሩን ያካፍል ነበር።

ቅዱስ አላደርገውም። በዴዝ ሰባት አልበሞች ውስጥ ሁለቱን እንኳን ያው ሰዎች አልቀዷቸውም። አብሮት መዝለቅ ይከብድ እንደነበር ከዚህ መገመት አያቅትም። ስለዚህ እኔ የምላችሁን «ጓደኞቼን ላባርር» ብላችሁ እንዳትተረጉሙብኝ። ከጓደኛ ጋር መሥራት ደስ ይላል፤ እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን በምትሠሩበት ቡድን ውስጥ በሁሉም ነገር አንደኛ እናንተ ከሆናችሁ፣ ወይ ቡድኑን ቀይሩ፣ ወይ አንድ የሚበልጣችሁ ሰው ለምናችሁ አምጡ። ቢሮ ውስጥም፣ ላቦራቶሪ ውስጥም፣ ኮድ የምትጽፉም ብትሆኑ ያው ነው። ኩራታችሁ ትንሽ ይጎዳል፤ ይጎዳ።

የትምህርቱን ነገር ሳልነካ ባልፍ ደስ ባለኝ፣ ግን ትጠይቁኛላችሁ። አዎ፣ ቻክ ትምህርት ቤት ሰልችቶት አቋርጧል። ደህና ተማሪ ነበር። በኋላ እንደቆጨው ራሱ ተናግሯል። ሙዚቀኛ ባይሆን የእንስሳት ሐኪም ወይም ምግብ አብሳይ መሆን ይፈልግ ነበር። እንስሳ በጣም ይወድ ነበርና ያምርበት ነበር። ስለዚህ «ቻክም አቋርጧል» ብላችሁ ወላጆቻችሁ ፊት እንዳትቆሙ፤ የእኔንም ስም እንዳታነሡ።

መጨረሻው ያሳዝናል። አንገቱን ያመው ጀመር፤ ነርቭ የተቆነጠጠ መሰለው። በግንቦት 13 ቀን 1999፣ በ32ኛ ልደቱ ዕለት፣ የአንጎሉ ግንድ ላይ ዕጢ እንዳለ ተነገረው። በ2000 መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የሕክምናው ወጪ ቤተሰቡን አስጨነቀ፤ ሙዚቀኞች ኮንሰርት አዘጋጅተው፣ አድናቂዎች ካላቸው አዋጥተው ረዱት። በታኅሣሥ 13 ቀን 2001 በ34 ዓመቱ አረፈ። የኮንትሮል ዲናይድ ሁለተኛ አልበም በጅምር ቀረ። ይህን የምነግራችሁ ላስለቅሳችሁ አይደለም። በራሳችሁ የምትሠሩ፣ ደሞዝ የሌላችሁ፣ አለቃ የሌላችሁ ሁሉ የጤና መድን ጉዳይን ወጣት ሳላችሁ አስቡበት። ይህን ያህል የተከበረ ሰው እንኳን ለሕክምናው መዋጮ አስፈልጎታል። ከሚገባችሁ ገንዘብ መጀመሪያ ጥቂት ለዚያ ቁረጡ፣ ከዚያ ለጊታሩ።

ማዳመጥ የምትፈልጉ በመጀመሪያው አልበም አትጀምሩ፤ ትሸሻላችሁ። «ቮይስ ኦፍ ዘ ሶል»ን ስሙ፣ ቀጥሎ «ሲምቦሊክ»ን፣ ከዚያ ወደ «ሂውማን» ተመለሱ። ግጥሙን እያነበባችሁ ይሁን ታዲያ። ከድምፁ ብቻ ቃሉን የለየ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።