«ግንብ»፣ «ቤተ መንግሥት» ወይስ «ምሽግ»?

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ በሀዋሳ ከተማ የአማርኛ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ አባላት ከእንግሊዝኛ አንድ የልጆች ተረት ሲተረጉሙ «ካስል» የሚለው ቃል አከራከራቸው። ከፊሎቹ የጎንደሩን እያሰቡ «ግንብ» ይባል አሉ፤ ሌሎቹ ንጉሥ ስለሚኖርበት «ቤተ መንግሥት» ነው አሉ፤ አንዲት ተማሪ ግን «ምሽግ» ካልሆነ ብላ በብርቱ ተሟገተች። ትክክለኛው የትኛው ነው? «ግቢ»ና «አምባ»ስ ከዚህ ጋር ምን ዝምድና አላቸው?
አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎችዎ የተከራከሩባቸው ሦስት ቃላት የአንድን ሕንፃ ሦስት የተለያዩ ገጽታዎች የሚሰይሙ ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ ወገን የእውነቱን አንድ ክፍል ይዟል።

«ግንብ» የሚናገረው ስለ አሠራር ነው። ድንጋይ በኖራ፣ በዘመናችንም በሲሚንቶ እየተያያዘ የሚሠራ ግድግዳ ሁሉ ግንብ ነው፤ «ገነባ»፣ «ግንበኛ» እና «ግንባታ» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በሀዋሳ ቤት የሚያከራይ ሰው «አጥሩ ግንብ ነው» ሲል የቆርቆሮ አጥር አለመሆኑን መግለጹ ነው። ድንጋዩ ያለ ማያያዣ ከተደረደረ ደግሞ «ካብ» ይባላል። ይህ ተራ የግንበኛ ቃል የነገሥታት መኖሪያ ስም ለመሆን የበቃው በጎንደር ዘመን ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዘዋወሩ ነበር፤ ምንም እንኳ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን በእንፍራዝ አቅራቢያ የጉዛራን ግንብ ቢያሠሩም፣ ነገሥታት በአንድ ስፍራ ረግተው መቀመጥን የለመዱት ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ነው። የእሳቸውን ባለ ፎቅ መኖሪያ ከዙሪያው ቤቶች የለየው ድንጋዩና ኖራው ነበርና «የፋሲል ግንብ» ተባለ፤ በማዕዘኖቹ ካሉት ባለ ጉልላት ማማዎች የተነሣም «እንቁላል ግንብ» ይሉታል።

«ቤተ መንግሥት» ግን ስለ ሥልጣን ይናገራል እንጂ ቤቱ ከምን እንደተሠራ ግድ የለውም። በእንጦጦ የሚገኘው የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መኖሪያ ከእንጨት፣ ከድንጋይና ከጭቃ መሠራቱ ቤተ መንግሥት ከመባል አልከለከለውም። «ግቢ» ደግሞ ከሕንፃው ይልቅ ሕንፃዎቹ የተሰበሰቡበትን ስፍራ ይሰይማል። የጎንደሩ ቅርስ በዩኔስኮ መዝገብ በ1979 እ.ኤ.አ. «ፋሲል ግቢ» ተብሎ መመዝገቡ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር ውስጥ ያለው የፋሲለደስ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን እነ ታላቁ ኢያሱ፣ እነ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯቸውም ጭምር ናቸው።

«ምሽግ» መከላከያ ነው፤ ማንም የማይኖርበት ጉድጓድም ቢሆን ወታደር ከተከላከለበት ምሽግ ይባላል።

ከ10ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በአውሮፓ የተስፋፋው «ካስል» እነዚህን ሦስቱን በአንድነት የያዘ ነው፤ መስፍኑ ከቤተሰቡና ከጭፍሮቹ ጋር የሚኖርበት፣ ግዛቱን የሚያስተዳድርበትና ጠላት ሲመጣ በሩን ዘግቶ የሚዋጋበት የድንጋይ ሕንፃ ነበር። እኛ ለዚህ አንድ ቃል ያላወጣንለት ከቋንቋችን ድህነት የተነሣ አይመስለኝም፤ አገሩ ራሱ ምሽግ ስለነበረ ነው። አናቱ ሜዳ፣ ጎኑ ገደል የሆነው «አምባ» የቅጥሩን ሥራ ያለ ግንበኛ ይሠራ ነበር። የነገሥታት ልጆች በግሸን፣ በኋላም በወህኒ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስም የእንግሊዝ ጦር ሲመጣባቸው የጠበቁት በመቅደላ አምባ ላይ ሆነው ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሞቱትም እዚያው ነው። የውጭው ቃል ምንጭ በላቲን «ትንሽ የጦር ሰፈር» ማለት መሆኑን ስናይ ደግሞ፣ የእኛው «ከተማ» በጥንት ዘመን የንጉሥ ጦር የሚሰፍርበትን ቦታ መሰየሙ ትዝ ይለናል፤ ሁለቱ ቃላት ከተመሳሳይ መነሻ ተነሥተው ወደ ተለያየ ቦታ ደርሰዋል።

ስለዚህ ተማሪዎችዎ ቃሉን ከመምረጣቸው በፊት በተረቱ ውስጥ ሕንፃው ምን ሥራ እንዳለው ይመልከቱ። የሚነሣ ድልድይ፣ በውሃ የተሞላ ቦይና ከበባ ካለበት «የተመሸገ ግንብ» ቢሉ አንባቢው ወዲያው ይረዳዋል። ንጉሥ ግብር የሚያበላበት፣ ልዕልት የምትዳርበት ከሆነ ግን «ቤተ መንግሥት» ይበቃል። ጀርመኖች እንኳ ለምሽጉ አንድ፣ ለመኖሪያው ሌላ ቃል አላቸው፤ መለየት የእኛ ጠባይ ብቻ አይደለም። ሁለቱም በአንድነት ከመጡ በመጀመሪያው ገጽ «የተመሸገ የግንብ ቤተ መንግሥት» ብሎ መግለጽና ከዚያ ወዲያ «ግንቡ» እያሉ መቀጠል ይቻላል። «ካስል» ብሎ መተው ግን ልጁን ያለ ሥዕል ያስቀረዋል፤ አልደግፈውም። በአየር ላይ ግንብ ስለ መሥራት የሚናገር አባባል በተረቱ ውስጥ ካጋጠማቸው ደግሞ ቃል በቃል አይተርጉሙት፤ እኛ እንዲህ ያለውን ከንቱ ምኞት «የሕልም እንጀራ» እንለዋለን።