ሌሊት የሚወርድ ስኳር፣ ጡት ማጥባትና የድሬዳዋ ሙቀት

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት እናት ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ዓይነት 1 ስኳር ስላለብኝ ኤን ፒ ኤች (ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት የሚሠራ) እና ሬጉላር (ቶሎ የሚሠራ) ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ እወጋለሁ። የ5 ወር ልጄን የማጠባው ጡት ብቻ ነው። ሰሞኑን ሌሊት በላብ ተነክሬ እየተንቀጠቀጥኩ እነቃለሁ፤ ጠዋት ስለካ ግን ስኳሬ ከፍ ብሎ አንዳንዴ 280 ይሆናል። አማቴ «በወተትሽ ይተላለፍበታል፣ አስጥዪው» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጡቱን አያስጥሉ። የስኳር ሕመም በጡት ወተት አይተላለፍም፤ ኢንሱሊንም የሚጠባ ልጅን አይጎዳም። አማትዎ የሰጉት ለልጁ ነውና ይህንኑ ረጋ ብለው ያስረዷቸው።

ላቡና መንቀጥቀጡ ስኳርዎ ሌሊት እየወረደ እንደሆነ ይጠቁማል። ወተት የሚሠራው ከደምዎ በሚወሰድ ስኳር ስለሆነ፣ የምታጠባ እናት ብዙ ጊዜ ያነሰ ኢንሱሊን ይበቃታል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የተወጉት ኤን ፒ ኤች የሚበረታው ደግሞ በግምት ከሌሊቱ 5 እስከ 9 ሰዓት ነው፤ ልጁም በዚያው መሐል ይጠባል።

ለ3 ሌሊት ከመኝታ በፊት፣ ሌሊት 9 ሰዓትና ጠዋት ተለክተው ይመዝግቡ። ስትሪፕ (የስኳር መለኪያ ወረቀት) ካጠረዎት የ9 ሰዓቷ እንዳትቀር። ውጤቱን ይዘው ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። የማታውን ኤን ፒ ኤች ከ10 እስከ 20 በመቶ ሊቀንስልዎ ይችላል፤ ለምሳሌ 14 ዩኒት ከነበረ ወደ 12። ወይም ሬጉላሩን ከእራት በፊት እንዳለ ትቶ ኤን ፒ ኤቹን ወደ መኝታ ሰዓት ሊያዛውረው ይችላል። ኢንሱሊኑን ግን ፈርተው አያቋርጡ፤ ደም ውስጥ አሲድ ተጠራቅሞ ለሕይወት ያሰጋል።

ስኳርዎ ከ70 በታች ሲሆን፣ ወይም ሳይለኩ ቢንቀጠቀጡ፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው ይጠጡ። 15 ደቂቃ ቆይተው ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙ፤ ሲወጣ ዳቦ ይብሉ። ልጁ ቢያለቅስም መጀመሪያ ይጠጡ፣ ከዚያ ያጥቡ። በድንጋጤ ለስላሳውንም ማሩንም ማከታተል ጠዋት 280 ሊያደርስ ይችላል። ስኳሩን አልጋዎ አጠገብ ያሳድሩ። ባለቤትዎም ይወቁ፤ ራስዎን ከሳቱ በአፍዎ ምንም ሳያፈሱ በጎን አስተኝተው ወዲያው ወደ ድል ጮራ ወይም ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ያድርሱዎት።

የቀረው ኢንሱሊኑን የሚያደክመው ሙቀት ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ በረዶ ቤት ከገባና ከረጋ ግን ይጣላል። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች 4 ሳምንት ያገለግላል፤ የከፈቱበትን ቀን ይጻፉበት። የድሬ ቤት ቀን ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ፣ መብራት ሲጠፋ በሰፊ ሸክላ ውስጥ አነስ ያለ ሸክላ አስቀምጠው መሐሉን በአሸዋ ይሙሉና ጠዋትና ማታ ያርሱት። ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለው ከውስጥ ያድርጉ፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ነፋስ ያለበት ጥላ ውስጥ ያኑሩት። አየራችን ደረቅ ስለሆነ ውኃው ቶሎ እየተነነ ያቀዘቅዘዋል።

ሬጉላር ከደፈረሰ፣ ኤን ፒ ኤችም በእጅ መዳፍ ቀስ ብለው ካንከባለሉት በኋላ ጓጉሎ ከታየ አይወጉት። በሙቀት የደከመ ኢንሱሊን መልኩ ላይቀየርም ይችላል። ስለዚህ ስኳርዎ ያለምክንያት ከፍ ማለት ከጀመረ መጠን ከመጨመር በፊት ብልቃጥ ይቀይሩ፤ በደከመው ላይ መጠን ጨምረው ከቆዩ ጤነኛውን የከፈቱ ዕለት ሌሊቱን ስኳርዎ ክፉኛ ይወድቃል።