ችግሩ ማይኩ አይደለም፤ ሄድሴት ከመግዛትህ በፊት የኔን ስማ

ወንድሜ፣ ትናንት ማታ የጻፍከውን አየሁት። «ከኤቲሲ (ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ) ጋር በድምፅ የሚያነጋግረውን አድኦን (ተጨማሪ ፕሮግራም) የበረራ ሲሙሌተሬ ላይ ጫንኩ፤ ከአስር ንግግሬ ሰባቱን ‹ሴይ አጌይን› (‹ድገመው›) ይለኛል። እንግሊዝኛዬ መጥፎ አይደለም። እውነተኛ የፓይለት ሄድሴት ብገዛ ይሻለኛል ወይስ ፕሮግራሙን ልቀይር?» ነው ያልከው። ሁለቱንም አታድርግ። ይህን አንብበህ እስክትጨርስ አንድ ብር እንዳታወጣ፤ እኔ ያወጣሁት ለሁለታችንም ይበቃል።

ስለ አጫጫኑ አልነግርህም፤ «ሴይ አጌይን» እስኪልህ ከደረስክ እሱን አልፈኸዋል። እንደኔ ዊንዶውስ 10 እንዳለህ፣ ሰው በሚበዛበት ቤት እንደምትኖር፣ ብዙ ጊዜም ከቦሌ እንደምትነሳ አድርጌ ነው የምጽፍልህ።

1. የፓይለት ሄድሴት አትግዛ።

ፓይለት2ኤቲሲ የሚባለውን የኤቲሲ ፕሮግራም ስጀምር የምናገረው በላፕቶፑ ማይክ ነበር። ፕሮግራሙ የራሱ ጆሮ የለውም፤ የሚሰማው በዊንዶውስ የንግግር መለያ (ንግግርን ወደ ጽሑፍ በሚቀይረው) በኩል ነው። ይህን ሳላጣራ ጥፋቱን በሙሉ ማይኩ ላይ ጫንኩት። የፓይለት ሄድሴት በሞተር ጩኸት መሃል እንኳ ድምፅ አጥርቶ የሚያስተላልፍ ከሆነ የኔ ክፍል ጫጫታ ምን ያቅተዋል ብዬ ዳላስ ላለችው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። ያገለገለ ግን ደህና የሆነ በ280 ዶላር ገዝታ ላከችልኝ።

ዕቃው አዲስ አበባ ገባ፤ እኔ እጅ ግን አልገባም። መስኮቱ ላይ የነበረው ሰውዬ ወረቀቱ ላይ «አቪዬሽን» የሚለውን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ የመገናኛ መሣሪያ ነው፤ ፈቃድ ይዘህ ና» አለኝ። ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ነው፣ ሞገድ አያወጣም፣ ይክፈቱትና ይዩት አልኩት። እኔ አንቱ እያልኩት እሱ አንተ ይለኛል። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ቀጣይ!» አለ። ፈቃድ ይሰጣል ወደተባለው ቦታ ስሄድ ደግሞ «ማዳመጫ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። እሺ፣ አይመለከተንም የሚለውን በወረቀት ጻፉልኝ ስላቸው «የማይመለከተንን ነገር እንዴት እንጽፋለን?» ብለው መለሱኝ። ከገርጂ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አራቱንም ጊዜ ከሥራ አስፈቅጄ። የመጋዘን ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል። በ23ኛው ቀን አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ኃላፊ ካርቶኑን ራሳቸው ከፈቱት፣ አገላብጠው አዩትና «ሬድዮው ታዲያ የታለ?» ብለው ፈረሙልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ያኛው ሰውዬ ግን ዛሬም ሲታወሰኝ አንጀቴ ያርራል፤ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝን ነገር ካርቶኑን በመክፈት በሁለት ደቂቃ ሊጨርሰው ይችል ነበር።

ቤት ገብቼ ገመዱን ስዘረጋው ጫፉ ላይ ሁለት ወፋፍራም መሰኪያዎች አሉት፤ አንዱ ለማዳመጫው፣ አንዱ ለማይኩ። ለትንንሽ አውሮፕላኖች የተሠራ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። መርካቶ ሄጄ «ይገጥማል» የተባለ ማገናኛ ገዛሁ፤ አዎ ገጠመ፣ መስማትም ቻልኩ፣ ማይኩ ግን ድዳ። ለካ የአውሮፕላን ማይክ እንዲሠራ ከሬድዮው በኩል ከ8 እስከ 16 ቮልት ገደማ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ የኮምፒውተር የማይክ ቀዳዳ ደግሞ ያን አይሰጥም። መሰኪያውን ብቻ የሚቀይር ማገናኛ ለዚህ ዋጋ የለውም፤ ኃይል የሚሰጥ የዩኤስቢ መሣሪያ ለብቻው መግዛት አለብህ፣ ያውም እንደገና በዶላር። ተውኩት። ሄድሴቱን በረራ ለሚማር ልጅ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩለት፤ ቢያንስ እውነተኛ ሰማይ ላይ ይዞት ወጥቷል።

ከዚያ የስልክ ጥሪ ተቀባዮች የሚያደርጉትን ዓይነት ተራ የዩኤስቢ ሄድሴት ገዛሁ። እስካሁንም የምጠቀመው እሱን ነው። ግን የሚያስቆጨው ይህ ነው፦ በእሱም የመጀመሪያውን ክሊራንስ (የበረራ ፈቃድ) ስጠይቅ ታወሩ (የኤርፖርቱ ተቆጣጣሪ) «ሴይ አጌይን» አለኝ።

2. ዊንዶውስ የሚሰማው የትኛውን ማይክ እንደሆነ በዓይንህ እይ።

ሄድሴቱ አንገቴ ላይ ሆኖ ዊንዶውስ ሲያዳምጥ የከረመው ስክሪኑ ላይ ያለውን የካሜራውን ማይክ ነበር። የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ግባና የሄድሴትህን ማይክ በጣትህ መታ መታ አድርገው፤ መለኪያው ካልዘለለ የሚሰማህ ሌላው ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ «ኮምፒውተርህ ድምፅህን እንዲለምድ አሠልጥነው» የሚለውን ንባብ ሁለት ማታ ሙሉ ለካሜራው ሳነብለት አደርኩ። ሥልጠናው በዚያው ማይክ የተቀዳ ስለሆነ ማይክ ስትቀይር አሮጌውን ፕሮፋይል (የድምፅህን መዝገብ) ተወውና አዲስ ከፍተህ ከመጀመሪያው አንብብ። ስታነብም የዜና አንባቢ አትሁን፤ በረራ ላይ በምትናገርበት ድምፅ ብቻ አንብብ።

ማይኩን ክፍት አድርገህ የምትበር ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አቁም። እናቴ ከሰዓት በኋላ ቡና ስትወቅጥ ሙቀጫው በመታ ቁጥር ፕሮግራሙ እኔ የተናገርኩ ይመስለውና «ሴይ አጌይን» ይላል። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ጆይስቲኩ ላይ አንድ ቁልፍ ለፒቲቲ (ማይኩ ተጭነህ ስትይዘው ብቻ እንዲከፈት) ስጥ። ቁልፉንም ተጫን፣ ግማሽ ትንፋሽ ያህል ቆይ፣ ተናገር፣ ስትጨርስ ግማሽ ትንፋሽ ቆይተህ ልቀቅ። እየተጫንክ ከተናገርክ የመጀመሪያው ድምፅ ይቆረጣል፤ የሚቆረጠው ደግሞ ኮልሳይንህ (የበረራህ መጠሪያ) ነው፣ ያለ ኮልሳይን የሚመልስልህ ታወር የለም።

3. አሜሪካዊ ለመምሰል አትሞክር።

«እንግሊዝኛዬ መጥፎ አይደለም» ያልከውን አምንሃለሁ። የኔም አይደለም፤ ሰባት ዓመት ከውጭ ደንበኞች ጋር በስልክ ሠርቻለሁ። ግን ሲሙ ላይ ስቀመጥ እንደ አሜሪካ ፓይለት ፈጠን አድርጌ፣ ቃላቱን አያይዤ፣ በአፍንጫዬ ነበር የምናገረው። ማሽኑ ያ ግማሽ አሜሪካዊ ግማሽ ገርጂ የሆነ ድምፅ ጨርሶ አይገባውም ነበር። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ አይካኦ፣ በሬድዮ ላይ ንግግር በደቂቃ ከ100 ቃላት እንዳይበልጥ ነው የሚለው። ሰዓት ይዘህ ሞክረው፤ ምን ያህል ቀስ ያለ እንደሆነ ይገርምሃል። ለኛ ሰው እኮ ይህ ተፈጥሮአችን ነው።

የቁጥሮቹን ነገር ስደርስበት ደግሞ በደስታ ልቤ ሊፈነዳ ነበር። እኛ አማርኛ ላይ ምላስን በጥርስ መሃል አውጥተን የምንለው ድምፅ የለንም። እንግሊዞች ሦስትን ሲጠሩ የሚያወጡትን ድምፅ እኛ ወይ «ስሪ» ወይ «ትሪ» እንለዋለን። ትምህርት ቤት ስንቱ ተስቆበታል! አይካኦ ግን ሦስት በሬድዮ ሲጠራ «ትሪ» ይባል ብሎ ጽፏል። ሺህም «ታውሳንድ» ነው። ፋይቭና ናይን በጩኸት ውስጥ ስለሚመሳሰሉ «ፋይፍ» እና «ናይነር» ሆነዋል። ሕጉ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ላልሆነም ጭምር የተጻፈ ነው፤ ያንተ አነጋገር ከመጽሐፉ ጋር ከማንም ይበልጥ ይቀርባል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ7600 ጫማ በላይ ስለሆነ ገና ስትነሳ የምትጠራው ከፍታ «ዋን ትሪ ታውሳንድ» (13,000 ጫማ) ዓይነት ነው፤ ሁለቱም አስቸጋሪ ድምፆች በአንድ ትንፋሽ። እኔ በግድ እንግሊዛዊ ለመሆን ስታገል የወደቅኩት እዚያ ላይ ነበር። «ናይነር»ን ማሽኑ ወዲያው ተቀበለኝ፤ «ትሪ»ን ግን አዲሱን ፕሮፋይል በደንብ ካሠለጠንኩት በኋላ ነው።

የኛ ሰው የሚሳሳትባቸው ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ፊት የምናስገባት «እ» ናት፤ «እስኳክ» (የራዳር መለያ ቁጥር ሲጠራ የሚባለው)፣ «እስታንድባይ» (ጠብቅ) እንላለን። ከፉጨቱ ጀምር፣ «ስስኳክ» በል። ሌላው ፊደሉን አይተን የምንጠራው ነው፤ «ክላይምብ» (ወደ ላይ ውጣ) አይደለም፣ «ክላይም» ነው፤ «ብ»ዋ በጽሑፍ ብቻ ናት። እኔን ይህች አንዲት ፊደል ሳምንት አስለቅሳኛለች።

ቃላቱም የራሳቸው ቦታ አላቸው። መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆሜ «ሬዲ ፎር ቴክኦፍ» እል ነበር፤ የሚባለው «ሬዲ ፎር ዲፓርቸር» ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 ቴኔሪፍ ደሴት ላይ ሁለት ጃምቦ ጄቶች በጉም ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል፤ አንዱ አውሮፕላን ለመነሳት ያልተፈቀደለትን መንደርደር የጀመረው በሬድዮ ንግግር አለመግባባት ነበር። ከዚያ ወዲህ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል ፈቃዱ ሲሰጥና ሲሰረዝ፣ ያንንም ፓይለቱ ሲደግመው ብቻ እንዲነገር ተደረገ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሪድባክ ሳደርግ (የተባልኩትን መልሼ ስል) ብቻዬን ክፍል ውስጥ ብሆንም ቀልቤን ሰብስቤ ነው የምደግመው።

የፍሪኩዌንሲ (የሬድዮ ሞገድ ቁጥር) ነጥብ ላይ ደግሞ አይካኦ «ዴሲማል» ይላል፣ አሜሪካኖች «ፖይንት» ይላሉ። ፕሮግራምህ የሚጠብቀው የቱን እንደሆነ ማስተካከያው ላይ አይተህ አንዱን ያዝ፤ አታደባልቅ።

4. የቦታና የኮልሳይን ስሞች።

ይህን ቁጥር የሰጠሁት ለብቻው ስለሚያመኝ ነው። አየር መንገዳችን የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ ስሙን የማያውቅ ተቆጣጣሪ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን «ኢትዮጵያን» ብዬ በኛ «ትዮ» እና በኛ «ጵ» ስጠራው ኮምፒውተሬ አላውቅህም አለኝ። ፈረንጅ እንደሚለው ምላሴን በጥርሴ መሃል አድርጌ «ጵ»ዋን አለስልሼ ስለው ወዲያው ተቀበለ። «ቦሌ»ንም እንደዚሁ ፊደሉን አይቶ «ቦውል» ነው የሚለው። የአገሬን ስም ለማሽን ብዬ አበላሽቼ አልጠራም አልኩ። የዊንዶውሱ የንግግር መለያ መዝገበ ቃላት አለው፤ ቃል ጨምረህ አጠራሩን በራስህ ድምፅ መቅዳት ይቻላል። «ኢትዮጵያን»፣ «ቦሌ»፣ «ባሕር ዳር»፣ «ድሬዳዋ» እያልኩ አንድ በአንድ በራሴ አንደበት ቀዳኋቸው። ሁሉም እኩል አልሠሩልኝም፣ ባሕር ዳር ዛሬም አንዳንዴ ያስቸግራል። ግን «ኢትዮጵያን»ን በኛው አጠራር ሰምቶ የመለሰልኝ ምሽት ከወንበሬ ተነስቻለሁ።

5. ፕሮግራም ስለመቀየር ለጠየቅከው፦ እንደ ሴይኢንቴንሽንስ ያሉት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት አዳዲሶቹ የአነጋገር ለዛን በደንብ ይችላሉ፤ ጓደኛዬ ጋ ሞክሬዋለሁ፣ ወሬ እንኳ ያወራልሃል። ግን በኢንተርኔት የሚሠራና በየወሩ የሚከፈልበት ነው። የዶላር ካርድ ከሌለህ በየወሩ ዘመድ ታስቸግራለህ፤ ለማረፍ እየተጠጋህ ኔትወርክ ከሄደ ደግሞ ታወርህም አብሮ ይሄዳል። የዊንዶውሱን መለያ የሚጠቀመው ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ይሰማሃል። እኔ በዚህ ምክንያት አልቀየርኩም።

ይልቅ ቀጥሎ ልታስብበት የሚገባው ቫትሲም ነው። ከ2001 ጀምሮ ያለ፣ ክፍያ የሌለበት፣ ተቆጣጣሪዎቹ እውነተኛ በጎ ፈቃደኛ ሰዎች የሆኑበት መረብ ነው። ለስምንት ወር ፈርቼው ነበር፤ ማሽን ያልሰማኝን ሰው እንዴት ይሰማኛል ብዬ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ማታ ከፍራንክፈርት ወደ ቦሌ ለመነሳት ክሊራንስ ጠየቅኩ። እጄ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ረጅሙን ክሊራንስ ሰጠችኝ፤ እኔም በደቂቃ 100 ቃል፣ «ትሪ» እያልኩ፣ «ናይነር» እያልኩ፣ መጀመሪያዬም መጨረሻዬም «ኢትዮጵያን» እያልኩ ደገምኩላት። አንዴ ብቻ። «ሪድባክ ኮሬክት» አለችኝ።

አሁን አንተ፦ ዛሬ ማታ የማይኩን ነገር አስተካክልና «ዋን ትሪ ታውሳንድ፣ ስኳክ ፎወር ትሪ ፋይፍ ዋን» የሚለውን ስልክህ ላይ ቀድተህ እዚሁ ላክልኝ። ሰምቼ የቱ ጋ እንደሚጎተት እነግርሃለሁ። ሄድሴቱን አዝዘኸው ከሆነ ደግሞ ሳይላክ አስቁመው።