ገናችን በማኒላ ሙቀት

ጥያቄ፦

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ወደ ፊሊፒንስ ዋና ከተማ ወደ ማኒላ ከመጣን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። አምና በታኅሣሥ ወር ግራ ተጋብተን ከረምን። የከተማው ሰው ዲሴምበር 25 ቀን ገናን ሲያከብር እኛ ጾም ላይ ነበርን፤ የመሥሪያ ቤት፣ የጎረቤትና የትምህርት ቤት ግብዣ ተደራርቦብን እምቢ ማለቱ ሰው ማስቀየም፣ እሺ ማለቱ ደግሞ ጾም መሻር ሆነብን። የእኛ ገና ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመልሶ ስለነበር ልጆቹም ትምህርት ቤት፣ እኛም ቢሮ ዋልን። ማታ የቀረበው እንጀራ በሙቀቱ ከልክ በላይ ኮምጥጦ አልበላ አለ፤ የሰባት ዓመቷ ልጄም «እማዬ፣ እኛ ለምን ገና የለንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ዘንድሮ ሁለቱንም እናክብር ወይስ አንዱን?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከማኒላ

መልስ፦

እህታችን፣ እኔም በዚያች ከተማ ሦስት ገና አሳልፌአለሁና ጥያቄዎ አዲስ አልሆነብኝም። ፊሊፒናውያን የገናን ወቅት የሚጀምሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ስማቸው በ«በር» የሚያልቁት አራት ወራት ሲገቡ ነው፤ ሴፕቴምበር 1 በእኛ ነሐሴ 26 ላይ ስለሚውል፣ የማኒላ የገበያ ማዕከላት የገና ዘፈን የሚያሰሙት እዚህ አደይ አበባ እንኳ ሳይፈነዳ ነው። አራት ወር ሙሉ ከሚዘፈንለት በዓል ጋር መፎካከር አይቻልም፤ አያስፈልግምም። በእኔ አስተያየት ዲሴምበር 25 የጎረቤቶችዎ በዓል ስለሆነ በእንግድነት ይገኙበት፤ ታኅሣሥ 29 ግን የራስዎ ነውና በባለቤትነት ያክብሩት። አምና የደከሙት፣ እንደምገምተው፣ በመጀመሪያው ቀን ባለቤት፣ በሁለተኛው ቀን እንግዳ ስለሆኑ ነው።

የጾሙን ነገር በተመለከተ፣ ዲሴምበር 25 አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ቀን ስለሚሆን ኅዳር 15 በገባው የነቢያት ጾም መካከል ይወድቃል። ፊሊፒናውያን በብዛት ካቶሊኮች ናቸውና ጾም ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግዎትም፤ «የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከገና በፊት ትጾማለች፤ በዓላችን ጃንዋሪ 7 ነው» ብለው ግብዣው ሳይደርስ ቢናገሩ የሚቀየም ሰው አያገኙም። ከባዱ ነገር ማዕድ ላይ ቀርቦ መግደርደር ነው፤ የዲሴምበር 24 እኩለ ሌሊት ማዕድ፣ እነርሱ «ኖቼ ቡዌና» የሚሉት፣ ደግሞ የአሳማ ሥጋ የማይጠፋበት ስለሆነ ከጾሙም ባሻገር ያስቸግራል። ስለዚህ ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ አንድ ድስት ምስር ወጥ ይዘው ይሂዱ። ከእነርሱ ምግብ ደግሞ በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ በቅጠል የሚጠቀለለውን «ሱማን» የተባለ የሩዝ ምግብ ያለ ሥጋት መብላት ይቻላል። «አትክልት ብቻ ነው» የሚባለውን ግን ቶሎ አይመኑ፤ ብዙው የአትክልት ወጣቸው «ፓቲስ» በሚባል የዓሣ መረቅ ወይም «ባጎኦንግ» በሚባል በጨው በታሸ ሽሪምፕ ይጣፍጣል። ልጆችዎ ምን ያህል ይጹሙ ለሚለው መልሱ ያለው ከንስሐ አባትዎ ዘንድ ነው።

እንግድነቱን ግን አይናቁት፤ ልጆችዎ ከእኛ ባህል ጋር የሚዛመድ ብዙ ነገር ያገኙበታል። ከዲሴምበር 16 ጀምሮ የሰፈር ልጆች የጠርሙስ ቆርኪ በሽቦ ሰክተው እያንሿሹ በየደጁ እየዞሩ ይዘምራሉ፤ ሆያ ሆዬን ለሚያውቅ ቤተሰብ ይህ ባዕድ አይደለምና ሳንቲም አዘጋጅተው ይጠብቋቸው። በዚያው ቀን የሚጀምረው የዘጠኝ ንጋት ጸሎት፣ «ሲምባንግ ጋቢ»፣ ሰውን ገና ሳይነጋ ከአልጋው ያስነሣል፤ በስፔን ዘመን ገበሬው እርሻው ከመውረዱ በፊት እንዲጸልይ የተለመደ ነው ይላሉ። በዓሉ ዕለትም ልጆች የክርስትና አባትና እናታቸውን ዞረው ይሳለማሉ፣ ገንዘብም ይቀበላሉ። በየመስኮቱ የሚሰቀለው «ፓሮል» የተባለው ባለ ኮከብ ፋኖስ ደግሞ ሰብአ ሰገልን የመራው ኮከብ ምሳሌ ነው፤ ልጆችዎ ከቀርከሃና ከወረቀት አንድ ቢሠሩ የገናችን ዋዜማ እስኪደርስ ሳያወርዱት ይቆዩ። ጎረቤቶችዎም ቢሆኑ ጌጣቸውን ለማውረድ አይቸኩሉም።

ወደ ራስዎ በዓል ስንመጣ፣ ዋናው ሥራ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት በኋላ ገና ታኅሣሥ 28 ቀን ቢውልም በፈረንጁ አቆጣጠር ያው ጃንዋሪ 7 ነውና አለቃዎ አንድ ጊዜ ከመዘገቡት በየዓመቱ አይሳሳቱም። ሥራዎ በፈረቃ ከሆነ በዲሴምበር 25 እገባለሁ ብለው ይቅደሙ፤ በዚያ ቀን የሚተካውን ሰው የማያመሰግን የሥራ ባልደረባ ስለሌለ ጃንዋሪ 7 ቀንን በምትኩ ማግኘት አያስቸግርም። ለልጆቹ መምህራንም በኅዳር ወር ደብዳቤ ይጻፉ።

እንጀራውን ያበላሸው የጊዜ ስሌት ነው። በአዲስ አበባ ብርድ ሦስት ቀን የሚጠብቅ ሊጥ በማኒላ ሙቀት በአንድ ቀን ይደርሳል፤ እርሾውን ይቀንሱ፣ ሊጡን ማታ አብኩተው በማግሥቱ ማታ ይመልከቱት፣ ከደረሰም መጋገሪያው ሰዓት እስኪደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት። ጤፉ ካነሰ የሩዝ ዱቄት በየሱቁ አለ። በርበሬውንና ሽሮውን ነቀዝና እርጥበት እንዳያገኛቸው ከበረዶ ማስቀመጫው ያኑሩ። ሽንኩርቱን ደግሞ ቀድመው ይግዙ፤ በዲሴምበር 2022 በዚያ አገር አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት እስከ 700 ፔሶ ደርሶ ከሥጋ በልጦ ነበርና ለዶሮ ወጥ በበዓል ሰሞን ሽንኩርት መፈለግ ዕዳ ነው። እኔ ቁሌቱን ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ በሌሊቱ ቅዝቃዜ አብስዬ በበረዶ አስቀምጥ ነበር። ዶሮውን ከገበያ ሲገዙ የአገሩን ዝርያ ይምረጡ፤ ሳይበለትም ይቀበሉ፤ ሻጩ በራሱ መንገድ ከቆራረጠው አሥራ ሁለቱን ብልት ማግኘት አይቻልም።

ሙቀቱ የሚሰጠውም አለ። ለድፎ ዳቦ ኮባ ፍለጋ መንከራተት የለም፤ የሙዝ ቅጠል በእያንዳንዱ ገበያ ተጠቅልሎ ይሸጣል። ቄጠማ ካጡ ጠጅ ሳር እዚያ የወጥ ቅመም ስለሆነ በእስር በእስር ይገኛል፤ ወለሉ ላይ ሲጎዘጎዝ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ከቄጠማው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ለገና ጨዋታም ቆልመም ያለ የቀርከሃ ዱላ ይሆናል፤ ሩሩን ከጨርቅ ይስፉላቸው። ጨዋታው ግን ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጃንዋሪ በማኒላ ቀዝቃዛው ወር ቢሆንም እኩለ ቀኑ ሠላሳ ዲግሪ ይደርሳል።

ጎረቤቶችዎን የሚጋብዙት ደግሞ ለምሳ ሳይሆን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ለ11 ሰዓት ይሁን። ማኒላ ከአዲስ አበባ በአምስት ሰዓት ስለምትቀድም በዚያን ጊዜ በእናትዎ ቤት ቀኑ ስድስት ሰዓት ይሆናል፤ ስልኩን ከፍተው ማዕዱ ጥግ ቢያቆሙት ልጆችዎ አያታቸው ድፎውን ስትባርክ እያዩ የራሳቸውን ይቆርሳሉ።