ከሙኒክ እስከ ሞቃዲሾ፦ ስለ ጀርመኑ የፖሊስ ኮማንዶ ክፍል ጂኤስጂ 9 ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ሙኒክ ላይ የተበላሸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ዝግጅቱ። መስከረም 1972 በኦሊምፒኩ ወቅት 8 ታጣቂዎች የእስራኤልን ቡድን አባላት አገቱ። ፖሊስ አየር ማረፊያው ላይ 5 ተኳሾች መደበ፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሠለጠኑ አልነበሩም፣ መነጋገሪያ ሬዲዮም አልያዙም። የበረራ ሠራተኛ መስለው አውሮፕላኑ ውስጥ እንዲያደፍጡ የታዘዙት ፖሊሶች ደግሞ ሄሊኮፕተሮቹ ሊያርፉ ጥቂት ሲቀራቸው ትተው ወረዱ። በጠቅላላው 11 እስራኤላውያንና 1 ጀርመናዊ ፖሊስ ሞቱ። «ፈሪዎች ስለነበሩ ነው» የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። ተወቃሹ ሳያሠለጥን ያሰማራቸው ነው።

ጥያቄ፦ ከሙኒክ በኋላ ጂኤስጂ 9 ጦር ሠራዊት እያለ ለምን በፖሊስ ሥር ተቋቋመ?

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ ጦሩን በአገር ውስጥ ማሰማራትን አጥብቆ ስለሚገድብ ነው። የናዚዎቹ ታጣቂ ድርጅት የኤስኤስ ትዝታም ገና ትኩስ ነበር። ስለዚህ መኮንኑ ኡልሪኽ ቬግነር ክፍሉን በድንበር ጥበቃ ፖሊስ ውስጥ አደራጁት።

ጥያቄ፦ ሞቃዲሾ ላይስ ምን ተለወጠ?

መልስ፦ ጥቅምት 1977 አራት ጠላፊዎች «ላንድሹት» የተባለውን የሉፍታንዛ ቦይንግ 737 ጠለፉ፤ ኤደን ላይ አብራሪውን ዩርገን ሹማንን ገደሉ። ሞቃዲሾ ሲደርስ ኮማንዶዎቹ በጨለማ ከጭራው በኩል፣ ከውስጥ በማይታዩበት አቅጣጫ፣ መሰላል ይዘው ቀረቡ። የሶማሊያ ወታደሮች ከፊት እሳት ለኮሱ፤ ጠላፊዎቹ ምን እንደሆነ ለማየት ወደ አብራሪው ክፍል ሲሄዱ በሮቹ ተከፈቱ። በደቂቃዎች ውስጥ 86ቱም ታጋቾች በሕይወት ወጡ። ሦስት ጠላፊዎች ሞቱ፣ አንዷ ቆስላ ተያዘች። በር አከፋፈቱን፣ መሰላል አቀማመጡን፣ ማን በየት እንደሚገባ ደጋግመው ተለማምደውት ስለነበር ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዞችም ነበሩበት ይባላል?

መልስ፦ አዎ፣ የእንግሊዝ ጦር ልዩ ኃይል የሆነው የኤስኤኤስ ሁለት ሰዎች ማስደንገጫ ቦምብ ይዘው አብረው ሄደዋል።

ጥያቄ፦ ሶማሊያ ያኔ ከእኛ ጋር እየተዋጋች አልነበረም? እንዴት ፈቀደች?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። የኦጋዴን ጦርነት ተፋፍሞ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ፊቷን ወደ ኢትዮጵያ እያዞረች ስለነበር ዚያድ ባሬ የምዕራባውያንን ወዳጅነት ይፈልጉ ነበር፤ በወሩም የሶቪየት አማካሪዎችን አባረሩ። የቦን (የያኔው የምዕራብ ጀርመን መንግሥት) መልእክተኛ ሃንስ ዩርገን ቪሽኔቭስኪ ያንን ፈቃድ ባያገኙ ኖሮ የቬግነር ሰዎች ችሎታ ምንም ባልፈየደ ነበር።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ይሳካላቸዋል?

መልስ፦ አይደለም። በ1993 ባድ ክላይነን ባቡር ጣቢያ የጀርመን ግራ ክንፍ ታጣቂ ቡድን የሆነውን የቀይ ጦር አንጃን ሁለት አባላት ሊይዙ ሲሉ ተኩስ ተከፈተ፤ አንድ የክፍሉ ባልደረባና ከተፈላጊዎቹ አንዱ ሞቱ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሩዶልፍ ዛይተርስም ከሥልጣን ለቀቁ።