ዓይኗ ጤነኛ ከሆነ ለምን አታይበትም?

እህቴ፣ የ6 ዓመት ልጅሽ በግራ ዓይኗ በደንብ እንደማታይ በትምህርት ቤት ምርመራ ታወቀ፤ ሐኪሟ «ዓይኗ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ አንጎሏ ጋ ነው» አሉሽ፤ መነጽር አድርጋም በግራዋ አልጠራላት አለ፤ በዚህ ላይ ደህናውን ዓይን ሸፍኑ መባሉ ጭራሽ ግራ አጋባሽ። ኦፕቶሜትሪስት (እይታ የምለካ የዓይን ባለሙያ) ነኝ፣ ውሎዬም ከሕፃናት ጋር ነው። ይህን ጥያቄ ከወላጆች በየጊዜው ስለምሰማው ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ሐኪሟ እውነታቸውን ነው። ዓይን ብርሃን ተቀብሎ በነርቭ ይልካል፤ የተላከውን «ይህች እናቴ ናት፣ ይህ ሀ ነው» ብሎ የሚለየው በስተኋላ በኩል ያለው የአንጎላችን ክፍል ነው። ይህ ችሎታ ደግሞ አብሮን ተሟልቶ አይወለድም፣ በልጅነታችን እያየን የምንማረው ነው። አንዱ ዓይን መነጽር እያስፈለገው ሳያገኝ ከቆየ የሚልከው ምስል ሁሌም ብዥታ ነው። አንጎል ጥርት ያለውን ይይዝና ብዥ ያለውን ችላ ማለት ይለምዳል። አምብሎፒያ የሚባለው ይህ ነው። መነጽሩ ምስሉን ቢያስተካክለውም፣ አንጎሏ ከዚያ ዓይን የሚመጣውን መቀበል ገና አልተማረም።

«እናት ሆኜ እንዴት ሳላውቅ» ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። በደህናው ዓይኗ ሁሉንም ስለምታይ ለእሷም የጎደለ ነገር አይታወቃትም። አንጎል ጉድለትን እንዴት አድርጎ እንደሚሸፍን በራስሽ ሞክሪው። ወረቀት ላይ መስቀል አድርጊ፤ ከመስቀሉ በስተቀኝ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ ጥቁር ነጥብ አኑሪ። ግራ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ በቀኝሽ መስቀሉን ብቻ እያየሽ ወረቀቱን ቀስ በቀስ ወደ ፊትሽ አቅርቢው። 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጥቡ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ነርቩ ከዓይን በሚወጣበት ቦታ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለም። ቀዳዳ ግን አታዪም፤ የምታዪው ነጭ ወረቀት ነው። ያንን ነጭ የሞላው አንጎልሽ ነው፣ ዕድሜሽን ሙሉም ሳይነግርሽ ሲያደርገው ኖሯል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ምርመራ ላይ የማየው ነው። እግሩ ወደ አራቱም አቅጣጫ የሚዞረው የእንግሊዝኛው «E» ፊደል ሰሌዳ ትዝ ይልሽ ይሆናል። አምብሎፒያ ያለበት ልጅ ፊደሎቹ በመስመር ተደርድረው ሲቀርቡለት ይምታቱበታል፤ በጣቱ ያልሆነ አቅጣጫ ያሳየኛል። ዙሪያውን በነጭ ወረቀት ከልዬ ያንኑ ፊደል፣ በዚያው መጠንና ርቀት ለብቻው ሳሳየው ግን ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ያቃተው ጎን ለጎን ያሉትን ነጥሎ መለየት ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነጠላ ፊደል አሳይተሻት ስላገኘችው ብቻ «ድናለች» ብለሽ ሕክምናውን እንዳታቋርጪ።

ዴቪድ ሂዩብልና ቶርስተን ዊዝል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለተወሰነ ጊዜ ሰፍተው ዘጉ። ሲከፍቱት ዓይኑ ደህና ነበር፤ የማየት ሥራ ያላቸው የአንጎል ሕዋሳት ግን ለዚያ ዓይን ምላሽ መስጠት ትተዋል ለማለት ይቻላል። ያደገች ድመት ዓይን እንደዚያው ሲዘጋ ይህ ጉዳት አልደረሰም። በ1981 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት መካከል ናቸው። በእኛም አገር በዓይን ሞራ ምክንያት ለዓመታት ማየት ተስኗቸው የኖሩ እናት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ፋሻው ሲነሳ የልጃቸውን ፊት ይለያሉ፤ አንጎላቸው ማየትን በልጅነቱ ተምሮታልና። ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን ግን ቶሎ ካልታከመ፣ ዘግይቶ ቢወጣለትም እይታው የተሟላ አይሆንም።

የልጅሽ ዕድሜ ለሕክምናው ጥሩ ነው፤ ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር ውጤቱ ያምራል፣ ከዚያ በኋላም የሚሻላቸው ልጆች አሉ። መነጽሩን ከእንቅልፍ ሰዓት በቀር አታውልቀው። ደህናውን ዓይን የምንሸፍነው አንጎሏ በደካማው ማየትን እንዲማር ነው፤ መሸፈኛው ቆዳዋ ላይ የሚለጠፍ ይሁን፤ መነጽሩ ላይ ብቻ ከሆነ በጎን አጮልቃ ታያለች። በ2003 (እ.ኤ.አ.) በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ አምብሎፒያቸው መካከለኛ ደረጃ ላይ በሆነ ልጆች በቀን 2 ሰዓት መሸፈን ከ6 ሰዓት ጋር ተቀራራቢ ውጤት አምጥቷል፤ የእሷን ሰዓት ግን ሐኪሟ ይወስኑ። በእነዚያ ሰዓታት ቲቪ ፊት ከምታስቀምጫት ፊደል ትጻፍ፣ ቀለም ትቀባ፣ ምስር ትልቀም፣ ዶቃ ትሰካ። መጀመሪያ አካባቢ ታለቅሳለች፣ ልጥፉንም ትነቅላለች። ደካማው ዓይን ሥራ ሲሰጠው የሚሆን ነው፣ አትሸነፊላት።

ቀጠሮ አታሳልፉ፤ ከመጠን በላይ መሸፈን ደህናውንም ዓይን ሊያደክም ስለሚችል መለካት አለበት። ሲሻላትም በራሳችሁ አታቁሙ፣ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። የ3 ዓመት ወንድም እንዳላት ጠቅሰሻል፤ ችግሩ በቤተሰብ ስለሚደጋገም በሚቀጥለው ቀጠሮ እሱንም ይዛችሁት ሂዱ። በዚያ ዕድሜ ፊደል ሳያውቅም መመርመር ይቻላል።