ካርታው መኪናውን ነው የሚቆጥረው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በታክሲ እሄዳለሁ። 1፡30 ላይ የስልኬ ካርታ “20 ደቂቃ” ይለኛል። እኔ ግን 40 ይፈጅብኛል። አለቃዬ ሰበብ ሰልችቶታል። ካርታው ነው የሚዋሸው ወይስ እኔ ነኝ የማላውቅበት? (ሰዓት ያሳደዳት)

መልስ፦ እህቴ፣ ማንም አልዋሸም። ካርታው መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ስልክ የሚልከውን ቦታና ፍጥነት ይሰበስባል። ካለፉት ቀናት ጋር ያስተያይና ይገምታል። የሚገምተው ግን የመኪናውን ጉዞ ነው። አንቺ የቆምሽበትን ሰልፍ አያውቅም። ረዳቱ “አንድ ሰው! አንድ ሰው!” እያለ የሚያቆምሽንም አያውቅም።

እኔ በዚሁ መስመር 11 ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ። ረዳቴ የተነሳንበትንና የደረስንበትን ሰዓት በእስክሪብቶ በእጁ ጀርባ ላይ ይጽፍ ነበር። ማታ ሂሳብ ስንዘጋ ወደ ደብተር እንገለብጠዋለን። አንዳንዴ ላቡ ያጠፋውና እንጨቃጨቃለን።

ከደብተሩ የተማርኩት ይኸውልሽ። ሰው የፍጥነትን አማካይ ሲያወጣ ይሳሳታል። 5 ኪሎ ሜትር መንገድ እንበል። ግማሹን በሰዓት 30 ሄድሽ፣ ግማሹን በ10። አማካዩ 20 ነው ካልሽ 15 ደቂቃ ይወጣልሻል። ቁጭ ብለሽ አስቢው፦ የመጀመሪያው ግማሽ 5 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 15። ድምሩ 20 ነው! ቀኑን የሚበላው የተንቀረፈፈው ግማሽ ነው። የእኛው ስታዲየም አካባቢ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ቁልቁል አምባሳደር ድረስ የቱንም ያህል ብትበሪ እዚያ ትመልሺዋለሽ።

ሌላው መንገዱ ሲሞላ የሚሆነው ነው። የመንገድ መሐንዲሶች ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩባት አንዲት የአሜሪካ ቀመር አለች። በእሷ ስሌት መንገዱ ልክ አቅሙን ሲሞላ ጉዞው የሚረዝመው በ15 በመቶ ብቻ ነው። የአቅሙን እጥፍ መኪና ሲመጣበት ግን ከባዶው መንገድ 3.4 እጥፍ ይፈጃል። ስለዚህ መንገዱ እየሞላ ባለበት ሰዓት አሥር ደቂቃ ዘግይተሽ ስትወጪ የምትከስሪው አሥር ደቂቃ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ አንቺ። ለ20 የሥራ ቀን ጻፊ። ሰልፉን ለብቻ፣ ጉዞውን ለብቻ። ከዚያ አማካዩን እርሺው። በአማካይ የምትወጪ ከሆነ ከቀናቱ በግማሹ ገደማ ታረፍጃለሽ። ከ20ው ቀን 18ቱን የሚበቃሽ ስንት ደቂቃ ነው? በሱ ውጪ። የቀሩት ሁለቱ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ናቸው፤ ለነሱ መድኃኒት የለኝም። የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር አዲስ ገጽ አውጪ። መስከረም ላይ ተማሪ ሲገባም እንደገና።

ደብተሩን ግን ለአለቃሽ አታሳዪ። እኔ ለመኪናው ባለንብረት ባሳየው፣ “እና ይሄን ሁሉ እያወቅህ ነው የምታረፍደው?” አለኝ።